የእትዬ ጥሩወርቅ ሳቅ

ደሴ፣ ሸዋ በር ሰፈር፣ ደኅና የነበረውን ነገር ላሳምር ብሎ ነካክቶ ያጠፋ ሰው ሲገጥማቸው ሰዎች ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ልክ የነበረ ቀሚስ ላጥብበው ብላ ያበላሸች ልብስ ሰፊ ትባልባታለች፤ ደኅና የቆመ ግድግዳ ላቅናው ብሎ የናደ ግንበኛም ይባልባታል። ወጣቶቹ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደች ይመስላቸዋል። አይደለችም። የተነገረችበትን ድንኳን የተከሉት ሰዎች ዛሬም አሉ። ያስነገራት ሰውዬም አለ፤ አባባሏ ስትነሣ ከሰማ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወደ ደጅ ይወጣል።

ሰውዬው ወንድይፍራው ይባላል፤ ሰፈሩ በቁልምጫ ወንዴ ይለዋል። የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበር። ቪዲዮ ቤቱ እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ፣ መንገድ ዳር ያለችው ክፍል ናት። እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በርበሬ እየነገዱ አንዲት ልጃቸውን ውቢትን ያሳደጉ፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ፣ ከሰርግ ቤት መጨረሻ የሚወጡ ሴት ነበሩ። ወንድይፍራው ተከራይ ቢሆንም እንደ ልጅ ነበር የሚያዩት። ምሳ ሳይበላ መዋሉን ካወቁ ከበሩ ላይ ቆመው "ምነው፣ ካሜራህን ልትበላው ነው?" ብለው ይቆጡትና ይዘውት ይገባሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ የሚያፍሩበት አንድ ነገር ነበራቸው። በልጅነታቸው ከበቅሎ ወድቀው የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ወልቋል። ከዚያ ወዲህ ሳቅ ሲመጣባቸው እጃቸው ይቀድማል፤ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ይሸፍናሉ። መታወቂያቸው ላይ ከንፈራቸው ግጥም ያለ ነው። በልጃቸው ክርስትና፣ በጎረቤት ሰርግ፣ በማኅበር ላይ በተነሷቸው ፎቶዎች ሁሉ ከአፍንጫቸው በታች ያለው ነጠላ ነው። ሰፈሩ ሳቃቸውን በጆሮው እንጂ በዓይኑ አያውቀውም ነበር።

በጥር መጨረሻ ውቢት ተዳረች። ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ሲንበረከኩ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው በልጆቹ ራስ ላይ ያዙና መመረቅ ጀመሩ።

"እንደ ጦሳ ተራራ ጽኑ። ውለዱ፣ ክበዱ። እኔ ያጣሁትን፣ አብሮ ማርጀትን፣ እናንተ አግኙት…"

ድምፃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ይኼኔ ሙሽራው ጉልበታቸውን ለመሳም ይበልጥ ዝቅ ሲል የሱሪው ስፌት ተርተር ብሎ ለቀቀ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ጥሩወርቅም ሳቁ። ሁለቱም እጆቻቸው ነጠላውን ይዘዋል፤ አፋቸውን የሚሸፍን እጅ አልነበረም። ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ዓይናቸው እስኪጠፋ፣ ያቺ ክፍተት ፍንትው ብላ እየታየች፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ሳቁ። የወንድይፍራው ካሜራ ፊት ለፊታቸው ነበር።

"አንተ ወንዴ! ጥርሴን ቀረጽከው?" አሉት፣ ኋላ ነገሩ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው። "ኧረ እንዳታዋርደኝ!"

"አያስቡ እትዬ። አሳምሬ ነው የማወጣዎት።"

"አደራ!"

"አደራ፣ በቃ።"

ሲስቁ የተባባሉት ነው። ግን ወንድይፍራው አደራ የተባለውን የሚረሳ ሰው አልነበረም፤ ምነው በረሳው ኖሮ።

ጥርን ቪዲዮ ቀራጮች ያውቁታል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመዳር አገሩ ሁሉ ይራኮታል፤ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ወንድይፍራው የነበሩት የካሜራ ሚሞሪዎች ሁለት ብቻ ናቸው። የእሑዱን ሰርግ ሰኞ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጥና ሚሞሪውን አጥፍቶ ለሚቀጥለው ሰርግ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የስንቱ ሰው ደስታ የተቀመጠው በዚያች አንዲት ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነበር። ሌሎቹ ቀራጮች ሙሽሮች ሲነዘንዟቸው ያልተቆራረጠውን እንዳለ በፍላሽ ሰጥተው ይገላገላሉ። ወንድይፍራው ግን "ያላለቀ ሥራ ከቤቴ አይወጣም" የሚል ሕግ ነበረው። በዚህ ሕጉ ይኮራል፤ ደንበኞቹም ያከብሩት ነበር።

ሰርጉ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ጥሩወርቅ በቪዲዮ ቤቱ በር ብቅ አሉ።

"አልደረሰም?"

"ተራው አልደረሰም እትዬ። ከፊትዎ ስድስት ሰርግ አለ። ትንሽ ይታገሡኝ።"

"እሺ፣ ግድ የለም። ጥርሴን ብቻ አደራ" አሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ሳቁ። በሳምንቱ ታመሙ። ሁለት ቀን ተኝተው በሦስተኛው ቀን አረፉ። የልጃቸውን ሰርግ በዓይናቸው ቢያዩም፣ ቪዲዮውን ሳያዩ ሄዱ። ወንድይፍራው ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

ጾሙ ገብቶ፣ ሰርግ ቆሞ፣ አርባቸው ሲቃረብ ውቢት ጥቁሯን ለብሳ ወደ ቪዲዮ ቤቱ መጣች። የሰርጉ ሂና ከጥፍሮቿ ጫፍ ገና አልጠፋም።

"ወንዴ፣ የእማዬን ምርቃት ልታሳየኝ ትችላለህ?" አለችው።

ከፈተላት። ያ ኮምፒውተር ተገጣጥሞ በካርቶን የመጣ፣ ከርካሾቹ ሁሉ ርካሹ፣ ለደብዳቤ መጻፊያ የተሠራ ነው። ምስሉን እየተንተባተበ ያመጣዋል፤ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይዘልላል። ቢሆንም እትዬ ጥሩወርቅ መጡ። ነጠላውን ዘረጉ፣ መረቁ፣ ሱሪው ተተረተረ፣ ሳቁ። ውቢት አብራቸው ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሲበቃት ቀና አለች።

"አጎቴ አያ ይመር ለአርባው ከወረኢሉ ይመጣል። በእግሩ ሕመም ለሰርጌም ለቀብሯም አልደረሰም። ዘመዶቹ ሁሉ ይመጣሉ። ድንኳኑ ውስጥ አንሶላ ሰቅለን እንድናያት ነው ያሰብኩት። እንዲሁ እንዳለ በፍላሽ ስጠኝ።"

"እንዲሁማ አልሰጥሽም" አለ ወንድይፍራው። "ይኼ የሚንተባተብ ነገር ለእትዬ አይመጥንም። ደግሞ አደራ አለብኝ። ጥርሳቸውን አስተካክዬ፣ አሳምሬ ነው የምሰጥሽ።"

"እኔ ጥርሷን አልጠየቅሁህም፣ ወንዴ።"

"አውቃለሁ። እሳቸው ግን ጠይቀውኛል።"

ውቢት የመከራከር ጉልበት አልነበራትም። "ለእሑድ ብቻ ይድረስልኝ" ብላ ወጣች። የሰው ልጅ ሲወድ እንደሚደነቁር ማን በነገራት።

ለነገሩ ወንድይፍራው ከልቡ ነው። ተንቀሳቃሽ ምስል ላይ የሰውን ፊት የሚያስተካክል፣ የጎደለ ጥርስ የሚሞላ አዲስ ፕሮግራም አግኝቷል። ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ ሲጭነው ግን እምቢ አለው፤ ምስሉን የሚሸከመው ክፍል፣ ግራፊክስ ካርድ የሚሉት፣ አቅም የለውም። ወንድይፍራው አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ጋ ደወለና ከተዘጋ ጌም ቤት የተረፈ ትልቅ ካርድ በአውቶቡስ አስላከ። ካርዱ ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ እንደ ጡብ የወፈረ ነው። በግድ ገባ። የኮምፒውተሩ ሳጥን ክዳን ግን አልዘጋ አለ። ካርዱ ለብቻው ኤሌክትሪክ የሚያገኝበት ገመድ ይፈልጋል፤ ያ ርካሽ ሳጥን ደግሞ እንዲህ ያለ ገመድ ጨርሶ የለውም።

ገመድ ፍለጋ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መንገዱን ተሻግሮ ጋሽ እንድሪስ ጋ ሄደ። ጋሽ እንድሪስ በቴፕና በሬዲዮ ጀምረው በኮምፒውተር የሸመገሉ ጠጋኝ ናቸው። ሳጥኑን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከኋላ በኩል ያለችውን ኤሌክትሪክ የምታከፋፍል ትንሽ ሣጥን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ አገላብጠው አዩና ሳቁ።

"አንተ ሰው፣ ባቲ ገበያ ሄደህ ታውቃለህ?"

"ኧረ ስንት ጊዜ!"

"እንግዲያው ግመልና አህያ ለይተህ ታውቃለህ። ይኼ አህያ ነው። አንተ የግመል ጭነት ልትጭንበት ነው። ካርዱን አልጠላሁትም፤ ተሸካሚው ግን ወገቡ ይቆረጣል።"

"ትንሽ ቀን ብቻ ነው ጋሽ እንድሪስ። የአንድ ሰርግ ሥራ ነው።"

"ወገብ ለመቆረጥ ስንት ቀን ይፈልጋል? አብሽር፣ ኮምቦልቻ ደውዬ ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ አስመጣልሃለሁ። ሐሙስ ይደርሳል።"

"አርባው እሑድ ነው።"

"ሐሙስ ከእሑድ በፊት መሆኑ ቀረ እንዴ?"

"ሥራው ቀን ይፈጃል። ሐሙስ ጀምሬ አልደርስም።"

ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። መቀለዱን ተዉት። "ስማኝ። ገመዱን አልሰጥህም። እምቢ ካልክ ግን ሳትጀምር በፊት የሴትዮዋን ነገር ሌላ ቦታ ገልብጠህ አስቀምጥ። በአላህ ይዤሃለሁ።"

"እሺ።"

"እሺማ ሁልጊዜ ትላለህ።"

እሺ አለ እንጂ አልገለበጠም። ምኑን ይገልብጥ? ያላለቀ ሥራ ነዋ! ሕጉን ለራሱም ቢሆን ማፍረስ አልወደደም። ሲያልቅ፣ ሲያምር፣ ያን ጊዜ ይገለብጠዋል። ከአሮጌ ኮምፒውተር ገመድ ቆርጦ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ፣ ካርዱን ከዚያችው ደካማ ፓወር ሰፕላይ ጋር አገናኘው። ማብሪያውን ተጫነው።

በራ። መብራት ብቻ መቼ ሆነ፤ ጋለበ እንጂ። ይንተባተብ የነበረው ምስል እንደ ውኃ ፈሰሰ። የእትዬ ጥሩወርቅ ነጠላ ጥለቱ ሳይቀር ታየ። ወንድይፍራው ደስታውን አልቻለውም፤ ከበሩ ወጥቶ መንገዱን አሻግሮ ጮኸ።

"ጋሽ እንድሪስ! አህያው እየጋለበ ነው!"

"የሚጋልብ አህያ ከኋላው ጅብ አለ" አሉ ጋሽ እንድሪስ ከወንበራቸው ሳይነሡ። "ገለበጥከው?"

"ሲያልቅ!"

ያ ረቡዕ ነበር። ሐሙስ ረፋድ ላይ ወደ ዋናው ሥራ ገባ። ሳቁ ላይ አቆመና የእትዬ ጥሩወርቅን ፊት ስክሪኑ እስኪሞላ አጎላው። ፕሮግራሙ ክፍተቷን አገኛት፤ የሚመስል ጥርስ ሠራና አስገባባት። ጥርሱ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ እንከን የሌለው ነው። ወንድይፍራው ወደ ኋላ ደገፍ ብሎ አየው። ሴትዮዋ ቆንጆ ናቸው። ግን እሳቸው አልመስል አሉት። የማያውቃቸው፣ ከተማ የከረሙ፣ የእትዬ ጥሩወርቅ እኅት የሚመስሉ ሴትዮ ናቸው የሚስቁለት። ልቡን ቅር አለው።

"አደራ ብለውኛል" አለ ለራሱ ጮክ ብሎ፤ ጥርሱ በሳቁ ሁሉ ላይ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲገባ አዘዘ።

የካርዱ ማራገቢያዎች ማጓራት ጀመሩ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተው፤ ከመንገድ የመጣ መስሎት መስኮቱን ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ከሳጥኑ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። እትዬ ጥሩወርቅ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ጠፉ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከሳጥኑ ጎን ቀጭን ጢስ ወጣ።

ወንድይፍራው ሶኬቱን ነቅሎ፣ ያ ሁሉ ሰርግ ያለበትን ሃርድ ዲስክ እጁ እየተቃጠለ ፈትቶ፣ መንገዱን በሩጫ ተሻገረ። መኪና ሊገጨው ነበር። ጋሽ እንድሪስ ዲስኩን ተቀብለው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ዝም አለ። ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ምንም የሚሽከረከር ነገር የለም። ፓወር ሰፕላዩ ሲሞት ብቻውን አልሞተም፤ ዲስኩንም ይዞት ሄዷል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከዲስኩ አጠገብ፣ ገና ያልተከፈተ ካርቶን ተቀምጧል። ከኮምቦልቻ የመጣው ጠንካራው ፓወር ሰፕላይ ነው፤ በዚያው ረፋድ ደርሷል።

ጋሽ እንድሪስ "ብዬህ አልነበር" አላሉም። ቢሉት ይሻለው ነበር። "አዲስ አበባ የሞተ ዲስክ የሚከፍት ሰው አለ። ነገ ጠዋት በአውቶቡስ እንልከዋለን። ዱዓ እናድርግ" ብቻ ነው ያሉት።

ዓርብ ተላከ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ወንድይፍራው ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ ተቀመጠ። ከግቢው ውስጥ ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች ድምፅ ይሰማዋል፤ ካስማ ይመታሉ፣ ይቀላለዳሉ። ውቢት በመስኮቱ በኩል አልፋ "ወንዴ፣ አንሶላው በየት በኩል ቢሰቀል ይሻላል?" አለችው። "በምዕራብ በኩል" አላት። ውሸት መናገሩ አልነበረም፤ ተስፋ ማድረጉ ነበር። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ስልኩ ጠራ። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ብዙ አላንዛዛም። "ውስጡ ተቃጥሏል ወንድሜ። አልተቻለም" አለው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንኳኑ ሞላ። የጾም ምግቡ ተበላ፣ ተጸለየ፣ ካህናቱ ሄዱ። ቤተ ዘመዱ በአንሶላው ፊት ተሰበሰበ። አያ ይመር፣ የእትዬ ጥሩወርቅ ታላቅ ወንድም፣ ዓይናቸው ስለ ደከመ ከሁሉም ፊት፣ ለአንሶላው ቅርብ ሆነው ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመዋል። ወንድይፍራው ባዶ እጁን ገባ። ጋሽ እንድሪስ ከኋላው አሉ፤ "ብቻህን አትገባም" ብለውት ነው የመጡት።

"ውቢት" አለ። "የለም።"

"ምኑ ነው የሌለው?"

"የሰርጉ። ሁሉም። ኮምፒውተሩ ተቃጠለ።"

"ምርቃቱስ?"

"ምርቃቱም።"

"ሳቋስ?" አለች፣ ሳቅ ለብቻው የሚተርፍ ይመስል።

"ሳቃቸውም። አጠፋሁት ውቢት። እንዲሁ እንዳለ ስጠኝ ብለሽኝ ነበር።"

አልጮኸችም፤ አልሰደበችውም። ነጠላዋን በሁለት እጇ ሳበችና አፏን ሸፈነች። ልክ እንደ እናቷ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሲያያት ሌላ ለቅሶ ተነሣ፤ የአርባ ሳይሆን የቀብር ቀን ለቅሶ።

"ልጁ ምንድን ነው የሚለው?" አሉ አያ ይመር ወደ ድምፁ እየዞሩ። "እኅቴን ልታሳዩኝ አልነበር እንዴ?"

ጋሽ እንድሪስ ሄደው ከፊታቸው ቁጢጥ አሉና ምርኩዙን በያዘው የሽማግሌው እጅ ላይ እጃቸውን ጫኑ።

"አያ ይመር፣ ልጁ ክፋት የለበትም። እኅትዎ ይወዱት ነበር፣ እሱም ይወዳቸው ነበር። የጎደለች ጥርሳቸውን በኮምፒውተሩ ሊያስገባላቸው ብሎ፣ ዕቃው የማይችለውን ጫነበት። ዕቃው ሲቃጠል ሳቃቸውንም ይዞት ሄደ።"

"ጥርሷን? የትኛዋን ጥርሷን?"

"ያችን የፊተኛዋን።"

"ያችን የበቅሎዋን?" አሉ አያ ይመር። "አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እምቢ ስትል በቅሎዋ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ደም በደም ሆና፣ ለአባታችን እንዳትነግሪ ብዬ ስለምናት፣ በዚያ አፏ ሳቀችልኝ። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ብቻ ነበር ሳትሸፍን የምትስቀው። ይኼን ሁሉ መንገድ በዚህ እግሬ የመጣሁት ያችን ክፍተት ልያት ብዬ ነው።"

ወንድይፍራው እግራቸው ላይ ወደቀ። አያ ይመር አልገፉትም፤ አልረገሙትም። ራሱን ዳበስ አደረጉት፤ የደከሙ ዓይኖቻቸውንም ባዶው አንሶላ ላይ ተክለው፣ ለማንም ሳይሆን ለድንኳኑ ሁሉ፣ "ወይ ልጄን! ጥርስ እተክል ብሎ ሳቅ ነቀለ" አሉ።